በጎረቤት ጓዳ ስለ ተኛው ቁጥር ስድስት ቤት

ሰበታ፣ ግንቦት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለከተማችን የታሪካዊ ቤቶች ጉብኝት መንገድ አስተባባሪ ኮሚቴ
ክቡር ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎችን ስለማሰማት እና የጎደለ ነገር ስለማስታወቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ደረጃ ጉልበትዎን እያስቸገረው መሆኑን ከታማኝ ምንጭ ስለ ሰማሁ፣ ደረጃው እንዲያጥርልዎ ወይም ጉልበትዎ እንዲጠናልዎ ከልብ እመኛለሁ። ባለቤትዎ ደኅና ይሁኑ፤ ከብቱም ደጁም ሰላም ይሁን፤ ልጆችዎም ሁሉ በየሄዱበት የሚታወቁ፣ ሲጠሩ የሚሰሙ፣ ሲጠበቁ የሚመጡ ይሁኑልዎ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንዳጠበቅሁት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንደሚያውቁኝ፣ እኔ በዚህ ገጽ ላይ የምጽፈው የሰፈር ወሬ ነው። ማን ማንን አገባ፣ የማን ሠርግ ላይ ወጥ አነሰ፣ የትኛዋ ጎረቤት አዲስ መጋረጃ ሰቅላ ሳምንቱን ሙሉ በር ከፍታ ዋለች፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ከባድ ጉዳይ ለከባድ ሰዎች ትቼ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ወሬው ራሱ ከበደብኝና፣ ለእርስዎ ከማድረስ ሌላ ማሳረፊያ አጣሁለት። አንባቢዎቼም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቢያዳምጡ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ባለፈው መጋቢት ወር ከተማችን የታሪካዊ ቤቶች ጉብኝት መንገድ ተመርቆላታል። ሰባት የድሮ ቤቶች ተመርጠው፣ ለእያንዳንዳቸው ቁጥርና ታሪክ የተጻፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ ተሠርቶ፣ ጎብኚው ከአንደኛው ተነስቶ እያየ፣ እየተደነቀና ፎቶ እያነሳ እስከ ሰባተኛው በእግሩ እንዲሄድ ነው ሐሳቡ። የድሮው ወፍጮ ቤት አለበት፤ አርመኑ ዳቦ ይጋግርበት የነበረውም አለበት። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይህን ስል እያሾፍኩ አይደለም። ለሠላሳ ዓመት አጠገባቸው ኖሬ ቀና ብዬ ያላየኋቸውን ቤቶች እንዳይ አድርጎኛል። ያላየሁት ስድስተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ስለሌለ ነው።

ስድስተኛው የአዴ ገለቴ ቤት ነው፤ አዴ በአፋን ኦሮሞ እማማ እንደ ማለት ነው። አዴ ገለቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በጅማ መንገድ ዳር ከእኔ አጥር በሁለት ቤት ይርቃሉ። ቤቱን በ1922 ዓ.ም. ያሠሩት የባላቸው አባት ሲሆኑ፣ ከጅማ ቡና ጭነው የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት በቅሏቸውን አሳርፈው የሚያድሩበት ነበር። ምድር ቤትና አንድ ፎቅ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ በበረንዳው ቋሚዎች ላይ በቅሎ የሚታሰርባቸው አሥራ አንድ የብረት ቀለበቶች። እንጨቱ የሱባ ጫካ ጥድ ነው። የሰፈራችን ሰው በኩራት የሚያወራው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ከቀለበቶቹ በቀር በዚያ ቤት ውስጥ ብረት የሚባል አልነበረም። አንዱ እንጨት ከሌላው እየተጎራረሰ በእንጨት ችካል ነው የተያያዘው፤ ምስማር የማያውቅ ቤት። ስንራመድበት ይናገር ነበር። አዴ ገለቴ ማን እንደ መጣ ከታች ሆነው በወለሉ ድምፅ ይለዩ ነበር።

ልጃቸው ሁንዴ አናጺ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ፌዝ ከአፉ ላይ የማይወርድ። በክረምት የሰፈሩ መዝጊያ ሁሉ ሲያብጥ የሚጠራው እሱ ነው፤ ልጦ፣ አስተካክሎ፣ «በሩ ደኅና ነው፣ የወፈርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ይሄዳል። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ልድረው ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ አምልጦኛል። «እትዬ ጥሩዬ፣ የሰው ቤት ስጠግን ውዬ የራሴን ሳልሠራ ሚስት የት ላስቀምጣት? እርስዎ የወሬ አምድ ላይ?» ይለኛል። ይህን የምጽፈው ስሙን በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ የምታውቁት እንዳይሆን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ በጸጥታ ስለመሥራታችሁ አመሰግናለሁ። ኅዳር 22 ቀን ጠዋት አንዲት ነጭ ፒክአፕ አዴ ገለቴ በር ላይ ቆመች። ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ አንደኛው የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዟል። አዴ ገለቴ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። እኔም በአጋጣሚ አጥራቸው ጋ ነበርኩ፤ አጋጣሚዎቼ ብዙ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ምንድነው የምትጽፉት?» አሉ።

«ትእዛዝ ነው እማማ።»

«የማን ትእዛዝ?»

«የበላይ አካል።»

«እሺ፣ እሱ ማነው? ስሙን የማይናገር አኩራፊ ነው?»

ሰውየው በነጭ ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ የክንድ ቁመት ያለው 6 ጽፎ፣ በክብ ከቦ፣ ብሩሹን አራግፎ ወጣ። አዴ ገለቴ «ውሃ እንኳ ሳትጠጡ?» ብለው ከኋላ ተጣሩ። ሥራ በዝቶባቸዋልና አልጠጡም። አንድ ቃል፣ ክቡር ሆይ፣ «ቅርስ» የምትል አንዲት አጭር ቃል ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ብሩሹን ከማራገፍ አይበልጥም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ቁጠባችሁ አመሰግናለሁ። ስሟን የማልጠራው፣ ግን ሻይ ስታቀርብላችሁ ጆሮዋን በር ላይ ትታ የማትመጣ አንዲት ሴት እንደ ነገረችኝ፣ የእናንተ የጉብኝት መንገድ ሥራ የራሱ ቀለም አልተገዛለትም፤ ከሌላው ሥራ የተረፈው ነው የተሰጣችሁ። ሠራተኞቹም፣ ፒክአፗም እንደዚያው። ሌላው ሥራ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንባቢዎቼ እንዲያውቁት ግን ልናገር። በመስከረም ወር ያችው ፒክአፕ ከመንገዱ በታች ባለው መንደር በየግድግዳው ቀይ ቁጥር ስትጽፍ ሰነበተች። በአሥራ አንደኛው ቀን ዶዘር መጣ። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ አልጋው፣ የዶሮው ቆጥ ሳይቀር አንድ ላይ ተጨፈለቀ። አዲስ አበባን እስከ እኛ ደጅ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ገና አፉን ባልፈታ ሕፃን ሳይቀር የሚታወቅበት ጊዜ ነበር። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፤ ይከፈታል፤ ተማሪው ይወጣል፤ ተኩስ ይሰማል። እኛም በዚያ መሃል ማንበብ ተምረናል። ቀይ ቁጥር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስተምረን አላስፈለገም።

የምናደርገውንም ተምረናል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው በእነዚያ ዓመታት አንድ አዲስ ሙያ ተክኗል፤ ቀይ ቁጥር ያረፈበት ቤት ዶዘር ሳይደርስበት ባለቤቱ ራሱ ያወርደዋል። ቆርቆሮው ይተርፋላ፤ በሩ ይተርፋላ። ሱሉልታ ያለችው እህቴ የመኝታ ቤቷን መስኮት ከነመስታወቱ አውርዳ በፍራሽ ጠቅልላ ጫንጮ አድርሳዋለች። ቡራዩ ያለው አማቼ ደግሞ ሽንት ቤቱን ብቻ ለመጨረሻ አስቀርቶ፣ በሩ የወረደ ሽንት ቤት ውስጥ እየዘፈነ ይቀመጥ ነበር፤ ሰው እንዳለ እንዲታወቅ። ስቀን ነበር። መሳቅ እንችል ነበር ያኔ።

ስለዚህ አዴ ገለቴ ያችን ክብ ቀይ 6 አይተው ምስሩን አስቀመጡ፤ ሁንዴን ጠሩት። ሁንዴ ግድግዳው ፊት ቆመ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። «እሺ» አለ።

ኅዳር 25፣ 26 እና 27 ቀን ቤቱን አወረድነው። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መጀመሪያ ቀን ጠዋት እኛ መሰላል ይዘን ስንመጣ አዴ ገለቴ ቤቱን እየጠረጉ ነበር። ፎቁን ጠርገው፣ ደረጃውን ጠርገው፣ ጥግ ጥጉን ሁሉ ጠርገው ጨርሰው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ግቡ» አሉን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣራ የማይኖረውን ቤት።

ሁንዴ ማንንም መዶሻ አላስነካም። ችካሉን በችካል እየመታ፣ እንጨቱን እንደ ታማሚ እያቀፈ ነው ያወረደው። የወረደውን እያንዳንዱን እንጨት በጠመኔ ቁጥር ይጽፍበት ነበር። ቋሚውን፣ ወራጁን፣ የወለሉን ጣውላ፣ መቃኑን። ከአንድ እስከ ሃያ ይቆጥርና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጎሚስታው ጎረቤታችን ከድሩ፣ «ወላሂ ሁንዴ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ብለህ ጽፈሃል፤ የትኛው አንድ የየትኛው ግድግዳ ነው?» ሲለው፣ ሁንዴ በጠመኔው የራሱን ግንባር ነካ። «እዚህ አለ። አንተ ጎማ ስትፈታ ቡሎኑን ትጽፋለህ?» አለው። ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ቀረች፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋለ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። የአዴ ገለቴ ወንድም በተፍኪ ከተማ ጠርዝ ያለ ባዶ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ነገሩ ሲረጋጋ ቤቱ እዚያ እንደነበረው ይቆማል። እስከዚያው ግን እንጨቱን የሚያስቀምጡበት ጣራ ስለሌላቸው፣ እያንዳንዳችን የቻልነውን ያህል ወሰድን። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ቋሚ ሲወርድ አዴ ገለቴ እስከዚያ ድረስ ያልወጣላቸው እንባ ወጣ። ሁንዴ እጁ በጠመኔ እንደነጣ አቀፋቸውና፣ «አዮ፣ አላፈረስነውም እኮ። አስተኛነው። ተፍኪ ሲደርስ እንቀሰቅሰዋለን» አላቸው። እናት ማለት ነው በእነሱ ቤት፣ አዮ። አዴ ገለቴ በጀርባቸው ነጭ የእጅ አሻራ ይዘው ወጡና፣ ከማድ ቤቷ በቀር ውስጡ ምንም የሌለውን ግቢ በቁልፍ ቆለፉ።

ዶዘሩ አልመጣም። በአምስተኛው ቀን አልመጣም። በአሥረኛውም አልመጣም።

አሁን የምነግርዎ ነገር የኮሚቴዎ ጉዳይ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም። ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ሁንዴ የተፍኪውን ቦታ ሊለካ ሜትሩን ይዞ ጠዋት ወጣ። አለም ገና ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሰው ተሰብስቧል። ሽንኩርት ልትሸጥ እዚያ የነበረች እልፍነሽ የምትባል የሰፈራችን ልጅ እንዳየችው፣ ቀትር ላይ ሰዎች እየታፈሱ መኪና ላይ ሲጫኑ ሁንዴ አንዱ ነበር። «ሜትሬን፣ ሜትሬን ያዢልኝ!» ብሎ ጣለላት። ሜትሩ እልፍነሽ ጋ አለ። ሁንዴ የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። አዴ ገለቴ ከሄዱባቸው በሮች በሁሉም የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ «ስሙ ዝርዝር ላይ የለም።» አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ወጣት ፖሊስ በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ እናቴ፣ እዚህ ሲመላለሱ አያምርብዎም አላቸው። እሱን እስከ ዛሬ ይመርቁታል።

ጥር ሲገባ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሬዲዮው ሲናገር ከድሩ ጎማውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሰፈሩ እልል አለ። አዴ ገለቴ እልልታው እስኪያልቅ ጠብቀው፣ እኔን ብቻ፣ በዝግታ፣ «እንግዲያው እኔ ቤቴን ለምን አወረድኩት?» አሉኝ።

ሦስተኛ፦ መልሱን እናንተ ስለ ሰጣችሁን አመሰግናለሁ። መጋቢት ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ሪባን ተዘረጋ፤ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ዋለ። እርስዎም ስለ አባቶች ጥበብ ግሩም ንግግር አደረጉ። ሠራተኞቻችሁ ከንግግሩ በፊት ሰሌዳ ሊሰቅሉ አዴ ገለቴ ግቢ መጥተው የሚሰቅሉበት ግድግዳ አጡ። እነሱ ግን ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸው፤ የብረት ምሰሶ ተክለው ሰሌዳውን በባዶው ቦታ ፊት አቆሙት። «ታሪካዊ ቤት ቁጥር 6። የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ። ያለ ምስማር የተሠራ።» ቀይዋ 6 ምን እንደ ነበረች ያን ዕለት አወቅን። ቤቱ በከተማችን ከሚጠበቁት ሰባት ቤቶች አንዱ ሆኖ ተመርጦ ነበር። እንዳይነካ ነበር የተጻፈበት። አዴ ገለቴ ሰሌዳውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው፤ እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ ልል ነበር፤ መግቢያ የለም እንጂ። አሁን የሚኖሩት በግቢው ጥግ በቀረችው የድሮ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ጎብኚዎች ይመጣሉ። አስጎብኚያችሁ ጨዋ ልጅ ነው፤ ምሰሶው ሥር ቆሞ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ፣ እዚህ ጋ በረንዳው፣ እዚያ ጋ ደረጃው እያለ ያሳያል። አዴ ገለቴ ከማድ ቤታቸው ወጥተው ያርሙታል። «ደረጃው በዚህ በኩል ነበር ልጄ» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ጎብኚ ጎንበስ ብላ፣ ማን አፈረሰው ብላ ጠየቀች። «እኔ» አሉ።

አራተኛ፦ ስለ ሚያዝያ 20ው ደብዳቤ አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ በጣም የጠራ ነው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በደብዳቤው መሠረት ወ/ሮ ገለቴ በኮሚቴው ተመዝግቦ ምልክት የተደረገበትን ታሪካዊ ቤት ያለ ፈቃድ በማፍረሳቸው ቅርስ አውድመዋል፤ ስለሆነም በስድሳ ቀን ውስጥ ቤቱን «ከነሙሉ አካላቱ ወደ ቀድሞ ይዞታው» ካልመለሱ በሕግ ይጠየቃሉ። አንብቤ ስጨርስ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «እውነታቸውን ነው፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ግን ቤቱ እኮ አለ፤ ንገሪያቸው» አሉኝ። ይኸው እየነገርኩዎ ነው።

አምስተኛ፦ ቤቱ አለ፤ በጉብኝት መንገዳችሁ ላይ ግን የቁጥር ስድስት አድራሻ ስህተት ነው። ጎብኚዎቻችሁን ወደ ምሰሶው መውሰድ ትታችሁ እንዲህ ብትወስዷቸው እላለሁ። በመጀመሪያ ከድሩ ጎሚስታ ይግቡ። ዋናው መዝጊያና የደረጃው እንጨት እዚያ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ ቆሟል፤ ከድሩ ማንም ጥቁር እጁን ሳይታጠብ አጠገቡ እንዲያልፍ አይፈቅድም፤ የኮምፕሬሰሩን አፍ እንኳ ወደ ሌላ አዙሮታል፣ ነፋሱ ጠመኔውን እንዳያነሳ። ቀጥሎ ደስታነሽ ጋ ይሂዱ። ደስታነሽና ባሏ ታመነ ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ፣ አንዲት ክፍል የተከራዩ ሰዎች ናቸው። የፎቁ ወለል ጣውላ በሙሉ አልጋቸው ሥር ነበር፤ ቦታ ሲጠብ አልጋውን ራሱን ሸጠው ፍራሹን ጣውላው ላይ ዘረጉት። ደስታነሽን ጀርባሽን አይጎዳሽም ወይ ብላት፣ «ጌታ ይመስገን፣ ደርቆ ይጠብቅልናል፤ ደግሞ ቁጥሩን ጨርቅ አልብሼዋለሁ» አለችኝ። ቀለበት ያላቸው የበረንዳ ቋሚዎች እልፍነሽ ጋ ናቸው፤ ዶሮዎቿ እንዳይሰፍሩባቸው ቆጡን ወደ ውጭ አውጥታ በጅብ ሁለቱን አስበልታለች። ወራጁ ደግሞ እኔ ጓዳ ኋላ ነው። ቆጥረነዋል፤ እንጨቱ ሁለት መቶ ሃያ ነው። አንድ አልጎደለም። ይህን ያህል ሰው የጠበቀው ቅርስ በመንገዳችሁ ላይ ሌላ ካለ ይንገሩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የማይጠበቀው ጠመኔው ነው። ዝናቡ ገና ሳይገባ በእርጥበቱ ብቻ እየሳሳ ነው። ሦስት አናጺዎች አምጥተን አሳይተናል፤ ሦስቱም አይሆንም አሉ። አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ተጽፏል፤ የትኛው አንድ ከየትኛው ሁለት ጋር እንደሚጎራረስ የጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በግድ ካገጣጠሙት እንጨቱ ይሰነጠቃል። ቢያንስ ቁጥሩ ሳይጠፋ በቀለም እንድገመው አልናቸው፤ አዴ ገለቴ እሺ አላሉም። በየቀኑ ጠዋት ከቤት ቤት እየዞሩ ያዩታል፤ ከድሩ ጋ፣ ደስታነሽ ጋ፣ እልፍነሽ ጋ፣ መጨረሻ እኔ ጋ። ሁንዴ ሰባትን ሲጽፍ ጅራቷን ያጠፋታል፤ የልጅነቱ ጊዜ አስተማሪው የመታው በዚህ ነበር፣ አልተወም። በጣታቸው ሳይነኩ፣ አየሩ ላይ፣ በላዩ በላዩ ይከተሏታል። «ቀለም ከቀባችሁበት የእናንተ ቁጥር ይሆናል። ይሄ የሱ እጅ ነው፤ ሌላ የሱ እጅ የለኝም» ነው ያሉን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዎ ቤቱ ከነሙሉ አካላቱ እንዲመለስ ያዝዛል፤ አዴ ገለቴም ለትእዛዝዎ ሙሉ ፈቃደኛ ናቸው። የቤቱን አካላት ቆጥረን አንድ መጉደሉን በአክብሮት እናስታውቃለን። ቁመቱ መካከለኛ፣ ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ምናልባት እስካሁን ነጭ ነጥብ ያለበት። ሰው መፈለግ የቅርስ ኮሚቴ ሥራ አለመሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ያለ እሱ ያ ቤት እንጨት ነው፤ ያለ እሱ ያ ደብዳቤ የሚጠይቀውን ማንም ሊፈጽመው አይችልም፤ እናንተም ቤቱን ትፈልጉታላችሁ። እርስዎ የሚጽፉት ወረቀት ደግሞ የኛ እግር የማይደርስባቸው በሮች ይደርሳል። እባክዎ በዚያው የጠራ ማኅተም አንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ቁጥር ስድስት ቤትን የሚያውቀው ሰው የት ነው ብለው ይጠይቁ። በሕይወት ካለ ይምጣና ቤቱን ይቀስቅስ። ከሌለም ለአዴ ገለቴ ይነገራቸው፤ ጠመኔው ሳይጠፋ ይነገራቸው። ቤታቸውን በእጃቸው ያወረዱ ሴት ናቸው፤ የቀረውንም ይችሉታል። የማይችሉት በየጠዋቱ መዞሩን ነው።

ስለ ሰሌዳው ሰማያዊነት፣ ስለ ምሰሶው ጥንካሬ፣ ስለ ንግግርዎ ርዝመት፣ ስለ ስድሳው ቀን ትዕግሥትዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ጉልበትዎ ሲሻልዎት በእግርዎ መጥተው እንዲጎበኙን በመጋበዝ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ጥሩዬ ኢቲቻ
የሰፈር ወሬ ጸሐፊና የአርባ ሁለት ወራጆች አደራ ተቀባይ

ግልባጭ፦
ለከድሩ ጎሚስታ፣ ከጎማዎቹ ኋላ
ለደስታነሽና ለታመነ፣ ከፍራሹ ሥር
ለእልፍነሽ፣ ሜትሩ ባለበት
ለአዴ ገለቴ፣ ማድ ቤት (በቃል የተነበበላቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳሽግ ከድሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነጭ ፒክአፕ ቆማ፣ የጎሚስታው ግድግዳ ላይ ክብ ያለበት ቀይ 8 ጽፋ ሄዳለች። ምንድነው ብሎ ጠይቆ ትእዛዝ ነው ተብሏል። ቅርስ ሆኖ ከሆነ እንኳን ደስ ያለው፤ ካልሆነም ቢያውቀው ይሻላል፤ የአዴ ገለቴ መዝጊያም እዚያው ውስጥ ነውና። እባክዎ እስከ ቅዳሜ ያሳውቁን። መሰላሉን አውጥተን ግድግዳው ላይ አስደግፈነዋል፤ ጠመኔም ገዝተናል። የሚጽፍልን ሰው ግን የለንም።